ብርድ ልብስ የለበሰው ፍሪጅ

ዕቃቸውን ልብስ የሚያለብሱ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ ሐጂ ዩሱፍ ከነዚያ ናቸው። ሬዲዮናቸው ጥልፍ ለብሷል፤ ወንበራቸው ሽርጥ ታጥቋል። ፍሪጅ የገዙ ዕለትማ ከነጀርባው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት።

«ሆዱ ውስጥ በረዶ ይዞ እየዋለ አይበርደውም እንዴ?» አሉኝ።

ረመዳን ሲጋመስ ፍሪጁ እንደ እሳት ግሎ ያቃስት ጀመር። ለማፍጠሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ከእሳቸው የምንጠብቅ ጎረቤቶች ሁሉ ጭንቅ ያዘን። ከፈረስ መጋላ ገበያ የተጠራው መካኒክ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና፣ «ሐጂ፣ ግፊት በዝቶበታል» አላቸው።

ሐጂ ደነገጡ። ግፊት የእሳቸውም በሽታ ነው፤ ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል።

«ያ ረቢ! ጨው ያለበትን ሁሉ አውጡለት!» ብለው ጮኹ።

ቤተሰቡ የሾርባውን ድስት ተሸክሞ ሲራወጥ፣ መካኒኩ «ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው» እያለ ብርድ ልብሱን ገፈፈው። ፍሪጁ ቀስ በቀስ ማቃሰቱን ተወ።

መግሪብ ላይ እፎይ ብለን ቀዝቃዛ ውሃችንን ጨለጥን።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ፍሪጁን እየዳበሱ፤ «ጨው መተዉ በጀው።»

ልከራከራቸው ነበር፤ ግን አፌ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ነበር።