የእሜቴ ሪንቱል ግብዣ

ኤድንብራ ውስጥ እንግዳ ማረፊያ ያላት መበለት ሁሉ ቤቷን የከፈተችው እንግዳ ለማረም ነው። አልጋውና ቁርሱ ሰበብ ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህ እስኪገባው ድረስ ትንሽ ይቆያል፤ እኛ የከተማው ሰዎች ግን ገና በሯን ሳናንኳኳ ጫማችንን ጠርገን፣ ክራባታችንን አቃንተን፣ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያልን ነው የምንቆመው። ጥፋት ደግሞ አይጠፋም።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ የማርችሞንት ሰፈሯ ክብርት እሜቴ ኢሶቤል ሪንቱል ነበሩ። ቤታቸው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ደረጃው እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ይወጣል። መግቢያው ላይ የተሰቀለው የአጋዘን ራስ አንድ ዓይኑ ወልቆ በኮት ቁልፍ ተተክቷል። እሜቴን ስለዚህ ከጠየቋቸው «እንዲያውም አሁን ነው የሚያይ የሚመስለው» ይላሉ። ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። «ገንዳ ውስጥ መዝፈን ክልክል ነው» ይላል መታጠቢያ ቤቱ። መኝታ ክፍል ውስጥ «መስኮቱን አይክፈቱ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀን ቁጣ የተጻፈ «መስኮቱን አይዝጉ» የሚል። የማሞቂያው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «በረዶ ሲጥል ብቻ መክፈት ይቻላል። መጣል አለመጣሉን የምወስነው እኔ ነኝ።»

በረዶውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከቀትር በኋላ የከተማዋ ግንብ ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ ኤድንብራ ሰዓቷን የምታስተካክለው በዚያ ነው። እሜቴ መድፉ ሲጮህ የግድግዳ ሰዓታቸውን ቀና ብለው ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«መድፉ ዛሬም ዘገየ።»

አንድ ጊዜ አንድ ደፋር እንግዳ «ከተማው ሁሉ እኮ ሰዓቱን የሚሞላው በዚህ መድፍ ነው» አላቸው።

«ለዚህ ነዋ ከተማው ሁሉ የሚያረፍደው!»

አንድ የቴክሳስ እንግዳማ ለአጃ ገንፎው ስኳር ጠየቀ። በአገራችን የአጃ ገንፎ በጨው ይበላል፤ አለቀ። እሜቴ እጃቸውን ግንባሩ ላይ ጭነው ትኩሳት እንዳለው ካዩ በኋላ ጨውን አቀረቡለት፤ ሰውየውም እንደ ሕፃን በላ። አገሩ ሲገባ ሚስቱንም ስኳር እንደከለከላት በፖስት ካርድ አብስሯቸዋል።

ዝናቸውን ያገነነችው ግን አንዲት አረፍተ ነገር ናት። አመሻሽ ላይ የመጣ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ይከፍቱና፣ ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ እንዲህ ይሉታል፦

«ሻይዎን ቀምሰው ነው የመጡት መቼም።»

ሻይ ስንል እኛ የምሽቱን ማዕድ ማለታችን ነው፤ ሥጋውን፣ ድንቹን፣ ሁሉንም። አረፍተ ነገሯ ደግሞ የጥያቄ ምልክት የላትም። ስለዚህ የጨዋ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ቀምሻለሁ፣ አመሰግናለሁ።» የግላስጎው ሰዎች በዚህ ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁብን ኖረዋል። «ኤድንብራዎች ደጃፍ ላይ ነው የሚያጠግቡህ» ይላሉ። እኛም ተሳቀብን ብለን አልተውናትም።

ዱገል ጊልክሪስት የአበርዲን ሰው ነው። ሥራው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ ያን ባለ ብዙ ቱቦ ግዙፍ የዜማ መሣሪያ፣ እየዞሩ መቃኘት ነው። እኔ የምዘምርበትን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚቃኘውም እሱ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ ያጫወተኝ። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ዝምተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቱቦ ጋር ሲነጋገር የሚውል ሰው ማታ ምን ይቀረዋል? በየፀደዩና በየመኸሩ ወደ ኤድንብራ ሲመጣ የሚያርፈው እሜቴ ዘንድ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ርቦት ነው የመጣው። እሜቴ ያችን አረፍተ ነገራቸውን ሲናገሩ ደንግጦ «ቀምሻለሁ» አለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ከረሃቡ ይልቅ ውሸቱ ነበር የከነከነው። ጊልክሪስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ውሸት አይሆንለትም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ መላ ዘየደ። እሜቴ ቤት ከመድረሱ በፊት የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝቶ፣ ጨውና ሶስ አስደርጎበት፣ መናፈሻው ውስጥ እርጥብ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዝናቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ይበላል። አፉን ይጠርግና ያንኳኳል። አሁን «ቀምሻለሁ» ሲል እውነቱን ነው።

«ጥሩ» ይላሉ እሜቴ፤ የወጥ ቤታቸውን በር ይዘጋሉ።

ያቺ «ጥሩ» ለዓመታት ስታበሳጨው ኖረች። ደረጃውን እየወጣ «እንዴት ያለች ቋጣሪ ሴት ናት!» ይላል ለራሱ። ማረፊያ ግን ቀይሮ አያውቅም። ለምን ሲባል ፍራሹ ለወገቤ ይስማማኛል ይላል፤ ያ ፍራሽ ድንጋይ መሆኑን እኛ እናውቃለን። ማታ ያወለቀውን ቀዳዳ ካልሲ ጠዋት ተጠግኖ ወንበሩ ላይ ያገኘዋል። ሊያመሰግን ሲል እሜቴ «ቤቴ ውስጥ ቀዳዳ አልወድም» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። አበርዲን ሲገባ ያቺን የተጠገነች ካልሲ የሚለብሳት ለእሑድ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መኸር እንደ ልማዱ መጣ። እሜቴ ቁርስ ሲያቀርቡ ነገሩት።

«ቤቱን ሸጬዋለሁ። ጉልበቴና ደረጃው ተጣልተዋል። ልጄ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ነች፤ እዚያ ልትወስደኝ ነው። ነገ ጓዜን መጫን ይጀምራሉ።»

ጊልክሪስት አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ተሰማው። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

«ጥሩ» አለ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ዓሣውን በልቶ፣ «ቀምሻለሁ» ብሎ፣ ደረጃውን ግማሽ ያህል እንደወጣ ደወል ጮኸ። የመጣችው በርናዴት የምትባል የግላስጎው አውቶቡስ ነጂ ናት፤ የእህቷን ልጅ ልትድር ነው የመጣችው። እሜቴ እንደ ወጉ ጀመሩ።

«ሻይዎን ቀምሰው ነው የመጡት መቼም።»

«ኧረ የምን መቅመስ እናትዬ! ከጠዋት ጀምሮ አንጀቴ ታጥፎ ነው ያለው። ምን አለ ቤት ውስጥ?»

ጊልክሪስት የደረጃውን መደገፊያ ጨበጠ። ጣሪያው የሚወርድ መስሎት ነበር። እሜቴ ግን ፊታቸው በራ፤ እንዲህ ሲበራ አይቶት አያውቅም።

«ይግቡ! ይግቡ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው!»

የወጥ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ጊልክሪስት ካለበት ሆኖ የተነጠፈ የጠረጴዛ ልብስ፣ በእንፋሎት የታፈነ ድስት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሳህኖች አየ። በሩ ተዘጋ።

ጠዋት ቁርስ ላይ በርናዴት አጠገቡ ዘጭ አለች።

«ወንድምዬ፣ ምን ዓይነት ራት አመለጠህ መሰለህ! የተፈጨ ሥጋ በድንች፣ አጥንቴ ድረስ ነው የሞቀኝ። ለሁለት ሰው ተሰናድቶ ነው ያገኘሁት እኮ። ሰው ይጠብቃሉ እንዴ? ብላቸው፣ ‹የሚጠበቅ ሰውስ አለ፤ ግን ሁልጊዜ በልቶ ነው የሚመጣው› አይሉኝም! ማነው ይሄ ጅል? አልኳቸው። ስሙን ግን አልነገሩኝም።»

ጅሉ የአጃ ገንፎው ላይ አፍጥጦ ቀረ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ኦርጋን ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ዋለ፤ እጁ ይሠራል፣ ልቡ የለም። እነዚያን ሁሉ ምሽቶች አሰባቸው። እሱ ዝናብ ላይ ቁጭ ብሎ ቀዝቃዛ ድንች ይበላል፤ እሳቸው ሁለት ሳህን ፊት ለፊት አስቀምጠው ብቻቸውን ይበላሉ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ መናፈሻና አንዲት ጨዋነት ነው። አለቀሰ ቢባል አያምንም፤ ግን የኦርጋን አቧራ ዓይን ያስለቅሳል ብሎኛል። ዛሬስ አልቀመስኩም እላለሁ ብሎ ቆረጠ። ምሳ አልበላም። አመሻሽ ላይ የዓሣ ቤቱን ደጃፍ ሲያልፍ ባለሱቁ ተጣራ።

«ሚስተር ጊልክሪስት! ምነው ዛሬ? ተጣላን እንዴ?»

እጁን አወዛውዞለት አለፈ።

እሜቴ በሩን ከፈቱ። ጊልክሪስት መልሱን አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ቆመ።

«ዝናቡ አባራ?» አሉት።

«አባርቷል።»

እሜቴ ገለል አሉለት። ሌላ ምንም አላሉም። ጊልክሪስት ጠበቀ። ባዶው ግድግዳ ላይ የአጋዘኑ ምስማር ብቻ ቀርቷል። ያልተጠየቀ ሰው እንዴት ይመልሳል? ደረጃውን ጀመረ፤ ወጣ፤ ቆመ፤ ተመልሶ ወረደ።

«ሚስስ ሪንቱል፣ ሻይዬን አልቀመስኩም።»

«አልቀመሱም?»

«አልቀመስኩም።»

እሜቴ ያገኙት የዕቃ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ድስቶቹን ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የወሰዷቸው» አሉ። «የሚቀርብ ነገር ስለሌለኝ ነው ያልጠየቅኩዎት።»

የአጃ ብስኩትና ቁራሽ አይብ ተገኘ። ቢላዋም ስለሌለ አይቡን በእጃቸው ቆረሱት። ሁለት ሣጥን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አሉ እሜቴ።

«አልጠየቁኝም እኮ።»

«አልጠየቅኩም? በመጡ ቁጥር ስጠይቅዎት አልነበር?»

«እኔ የመሰለኝ፣ እንዳልጠይቅ…»

«ታዲያ ምን ልበል ኖሯል? ‹ና ብላ› ልበል? እንደ ግላስጎው ሰው?»

ሁለቱም ሳቁ። እሜቴ ቀድመው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ያን ሁሉ ሥጋ ለጎረቤት ውሻ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ውሻው በውፍረት ነው የሞተው።»

ጊልክሪስት ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ለውሻው ይሁን ለሳቸው መለየት አቃተው። ሳህን ስላልነበረ እሜቴ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። ፍርፋሪውን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ካናዳ ውስጥ ኦርጋን አይኖርም መቼም።»

«ኧረ ሞልቷል!» አለ ጊልክሪስት፤ ስለ ኦርጋን ሲነሳ ብቻ ነው አፉ የሚፈታው። «ትልልቅ አላቸው፣ ያውም የድሮ። ቃኚዎችም አሏቸው፣ የራሳቸው።»

«ጥሩ» አሉ እሜቴ።

በማግስቱ ማለዳ በእጅ ሰላምታ ተለያዩ። ጊልክሪስት የአበርዲኑን ባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ትልቁ የፎርዝ ድልድይ ላይ ሲወጣ፣ ታች ያለውን ግራጫ ውኃ እያየ ሳለ ነው የኦርጋኑ ነገር ዱብ ያለበት፤ ያቺም አረፍተ ነገር የጥያቄ ምልክት አልነበራትም። ብድግ ብሎ «ጅል!» ሲል ፊት ለፊቱ ያሉት ሴት ቦርሳቸውን ሳብ አደረጉ። በመጀመሪያው ጣቢያ ወረደ፤ የመልስ ባቡር ያዘ፤ ከጣቢያ እስከ ማርችሞንት በዚያ ዕድሜው ሮጠ።

ታክሲው በር ላይ ቆሟል። እሜቴ ባርኔጣቸውን አድርገው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል።

«የረሱት ነገር አለ?»

ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቁት።

«ቃኚዎቹ» አለ። «የካናዳዎቹ። አይረቡም።»

እሜቴ ባርኔጣቸውን አቃኑ።

«በጣም አይረቡም፣ ሚስስ ሪንቱል።»

እሜቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ እንደማንኛውም ጥፋተኛ እንግዳ።

«በዚህ ካፖርት ነው?» አሉ። «ሃሊፋክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ ተለብሶ አይወጣም። በብርድ ይሞታሉ።»

ገብተው በሩን ዘጉት፤ ታክሲው ሄደ።

ቤቱን አሁን አንድ ኩባንያ ነው የያዘው። በሩ በቁጥር ይከፈታል፤ ማሞቂያው በበጋም ይነዳል፤ ገንዳ ውስጥ የፈለገ ይዘፍናል። የሚቆጣ ሰው የለም። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቆሜ አየሁትና፣ ተቆጪ በማጣት ልቤ እንዲህ ይከፋል ብዬ አላስብም ነበር።

ጊልክሪስት ዛሬም በየፀደዩና በየመኸሩ ይመጣል፤ ሌላ ቦታ ያርፋል። እዚያ «ራት ይፈልጋሉ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁታል፤ «አዎ» ይላል፤ ይበላል፤ አይጣፍጠውም። ካናዳ አልሄደም። አንዴ ሥራ በዛ ይላል፣ አንዴ አውሮፕላን አልወድም ይላል፣ አንዴ ደግሞ እሜቴ የተናገሩት እኮ ስለ ካፖርቱ ብቻ ነው ይላል።

ካፖርት ግን ገዝቷል። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ለአበርዲን የሚበዛ ወፍራም ሱፍ ነው። ባለፈው ሐምሌ ኦርጋናችን ተበላሽቶ ብናስጠራው፣ በዚያ የበጋ ሙቀት ያንን ለብሶ ኦርጋናችን ሥር ጎንበስ ብሎ ላቡን ሲጠርግ አየሁት። እጁን ይዤ አውሮፕላን ላይ ባሳፈርኩት ብዬ ተመኘሁ።