ለእንግዳ የሚላክ ውሃ

ሐኪም ይመጣል ሲባል በሽተኛውን አጥበን፣ ንጹሕ ልብስ አልብሰን፣ ትራሱን ከፍ አድርገን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ሐኪሙ ሲገባም «ዛሬስ ደኅና ነው» እንላለን። ደኅና ከሆነ ለምን ተጠራ? እናንተ ቤት አልተደረገ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ተደርጓል።

ጣሊያን በነበረበት ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሱቅ ጸሐፊ ነበርኩ። የነጋዴው ልጅ ኤሌኒ ባሕር ማዶ ኬሚስትሪ ተምራ ተመለሰች። ሴት ኬሚስት ያየ ሰው አልነበረምና ገበያተኛው ሁሉ ሽቶ ትቀምማለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የሱቁ ጓዳ ውስጥ ጠርሙስ ደርድራ ወተትና ውሃ ትመረምር ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሴቶች የዕቃ አስተጣጠብና የምግብ አያያዝ ታስተምራለች። አማርኛዋ የእኛው ነው፤ ኮምቦልቻ ነው ያደገችው።

እኔ እሑድ እሑድ ወደ ቤቴ፣ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ጎረቤቴ የነበሩት እትዬ ዘሃራ የልጅ ልጃቸው መርየም ታማባቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ተቅማጥ። ልጅቱ ጉንጯ ጠፍቶ ዐይን ብቻ ሆናለች። ለኤሌኒ ብነግራት ባዶ ጠርሙስ ሰጥታኝ «የሚጠጡትን ውሃ ሞልተው ይላኩልኝ» አለች።

ሞልተው ላኩ። ኤሌኒ ቡሹን ነቅላ አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«የደሴ ጉድጓድ ወይራ ወይራ ይሸታል እንዴ?»

በጭነት መኪና አብረን ወደ ደሴ ወጣን።

«ጠርሙሱን ምን አደረጉት፣ እትዬ ዘሃራ?» አለች ኤሌኒ።

«አጠንኩት፣ ልጄ። የሰው ዕቃ ሳይታጠን ይመለሳል?»

«ውሃውስ?»

«ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ ነው። ወላሂ፣ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ ነው የቀዳሁት። የተማረ ሰው ሊያየው ነው እየተባለ የግቢዬን ጉድጓድ ልላክ? ምን ይሉኛል?»

«መርየምስ የምትጠጣው የትኛውን ነው?»

እትዬ ዘሃራ ወደ መደቡ፣ ወደ ተኛችው ልጅ ዞሩ።

«የጉድጓዱን» አሉ።

ኤሌኒ ከጉድጓዱ ራሷ ቀድታ ሐምራዊ መድኃኒት ጠብ አደረገችበት። ጠበቅን። ሐምራዊው ደብዝዞ ቡናማ ሆነ፤ ቆሻሻ ያለበት ውሃ እንዲህ ያደርገዋል። ጉድጓዱ ከበረቱ ሥር ነበር፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው ያለ መድኃኒትም ያውቀው ነበር፤ ግን ማን ቀና ይላል? «ሳይፈላ እንዳይጠጣ» አለች።

«ውሃም እንደ ሥጋ ይቀቀላል?»

«ይቀቀላል፣ እትዬ።»

መርየም ቀስ በቀስ ዳነች። በወሩ ልጠይቃት ገብቼ ውሃ ጠማኝ። ጥግ ላይ ከቆመው እንስራ ልቀዳ እጄን ስሰድ እትዬ ዘሃራ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው፣ እሱ የምንጩ ነው። የመርየም ነው።»

የጉድጓዱን፣ የተቀቀለውን ሰጡኝ። ገና አልበረደም ነበር። እፍ እያልኩ ጠጣሁ።