ኪሴ የገባው መብራት

ከጠንቃቃ ሰው ጋር በአንድ ግቢ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ካልኖራችሁ አምላካችሁን አመስግኑ። የእኔ ጎረቤቶች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

ያን ዓመት ክረምቱ ዝናብ ሳይሰጠን አለፈ። ግድቡ ውሃ አነሰውና መብራት በፈረቃ ሆነ። ለእኛ ለካዛንቺሶች አንድ ቀን ይሰጠናል፣ በማግስቱ ይነሳናል። ሌላው ሰው ሻማውን ገዝቶ ተኛ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት የቀረችኝ መብራት ከውሃ ይመጣል የምትለዋ ናት። አንድ አምፖል በከንቱ በበራ ቁጥር ግድቡ በአንድ ጣሳ ሲጎድል ይታየኛል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ?

ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ቆጣሪው ደግሞ ያለው እኔ በረንዳ ላይ ነው። በፈረቃችን ቀን እየዞርኩ፣ ይቺ አምፖል ለማን ታበራለች፣ ይሄ ምድጃ ምን ያበስላል እላለሁ። ከቤት ስወጣማ ፊውዙን ነቅዬ ኮት ኪሴ እከተዋለሁ። በቃ፣ እስክመለስ ግድቡ ይረፍ። ጎረቤቱም ሽማግሌ ነው ብሎ ይችለኛል።

አንድ እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ምስራቅ ተሞሸረች። ሰርጉ የተቆረጠው ፈረቃ ተቆጥሮ፣ በመብራት ቀናችን ነው። ሙሽራው በስድስት ሰዓት ይመጣል። እኔ ግን ድንገት ቢጠፋስ ብዬ፣ ለፋኖስ የሚሆን ላምባ ልገዛ ጠዋት ወደ ለገሃር ወረድኩ። ስወጣ እጄ እንደለመደው ፊውዙን ነቀለ።

ያን ሰዓት ምስራቅ እዚያው ግቢያችን ካለው የአስካለ ጸጉር ቤት፣ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታለች። ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ሞባይል ያኔ እንደ እኔ ባለው ሰው እጅ አልገባም። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መብራቱ ድርግም ሲል መጀመሪያ ግድቡን ረገሙ። ቀጥለው የእኔ ኮት ትዝ አላቸው።

በአምስት ሰዓት ላምባዬን ይዤ ስመለስ፣ ከጎረቤት ግቢ በአጥር ላይ ሽቦ ተጎትቷል። ተቆጣጣሪ የሌለው መብራት ሆነላቸዋ! ካስኩ ይጮኻል፣ ቴፑ ይዘፍናል፣ የስድስቱም ቤት ምድጃ ግሏል። በጠራራ ፀሐይ የበረንዳው አምፖል ሁሉ በርቷል።

አስካለ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ግድቡ ሞላልን?»

ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የገዛ ድምፁ አይሰማውም። ምስራቅ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ «ጋሼ መጡ እንዴ? ኪሳቸው ይፈተሽ!» አለች።

ሳልፈተሽ አስረከብኩ።

ሚዜዎቹ ጡሩምባ እየነፉ ሲደርሱ የመጨረሻው ቢጎዲን እየተፈታ ነበር። ለጥቂት ተረፍኩ። ምስራቅም ጉንጬን ስማ ይቅር አለችኝ። የዚያን ዕለት የበራውን ግን እኔ ወር ሙሉ ብቆጥብ አልመልሰውም።

በሳምንቱ ሬዲዮው፣ የግድቡ ውሃ ይበልጥ ስለወረደ ከእንግዲህ ሁለት ቀን ጠፍቶ አንድ ቀን ይበራል አለ። ግቢው በሙሉ ዞሮ ያየው እኔን ነው።