የወላጅ ፊርማ

ሰው ሲያድግ ፍርሃቱ ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች ልጅ ያልወለዱ መሆን አለባቸው። እኔ በልጅነቴ የምፈራው ጅብንና የጓዳውን ጨለማ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ቢሆኑ ሲነጋ ይሄዱልኝ ነበር። ጎረምሳ ስሆን የሴት ልጅ ወንድሞችን ፈራሁ። ሥራ ስይዝ አለቃዬን። ዛሬ፣ ጸጉሬ መሸበት በጀመረበት ዕድሜ፣ የምፈራው ዓርብን ነው። አይሳቁብኝ። ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ካለችዎ ዓርብ ሲቃረብ እንቅልፍ እንዴት እንደሚጠፋ ያውቁታል፤ ከሌለችዎም እግዜር ሲሰጥዎ ይደርሱበታል።

ዓርብ የፈተና ቀን ነው። የሳምንቱን ፈተና ማለቴ ነው እንጂ የወሩማ የራሱ ቀን አለው። ከወሩ በላይ የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና አለ፤ ከእሱ በላይ ማጠቃለያው፤ ከማጠቃለያው በፊት ደግሞ ልጆቹ ማጠቃለያውን እንዳይፈሩት ተብሎ የሚሰጥ ሞዴል የሚባል ፈተና አለ፣ እሱንም አጥብቀው ይፈሩታል። መምህሩ ደስ ባላቸው ቀን ጣል የሚያደርጉት ድንገተኛ ፈተና ከቁጥር አይገባም። እንግዲህ ይኼን ሁሉ የሚፈተኑት የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። ጥርሳቸውን እንኳ ቀይረው አልጨረሱም።

ይኼን ማን አመጣው ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈልጌ ነበር፤ ግን መጠየቅዎ ስለማይቀር እኔው ልንገርዎ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም ፈርተን ነበር። ልጆቻችን ወደ ኋላ ቀርተዋል እያልን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ እንዴት እንደ ቅጠል እንደሚረግፍ እየሰማን፣ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠን የአዲስ አበባን ልጆች በሐሳባችን ስናይ እነሱ ሩቅ ሄደው ነበር። ከዚያ ከኋላ መቀመጫ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «በየሳምንቱ ይፈተኑልን፤ እኛም ውጤታቸውን እያየን እንፈርም» አለ። ተጨበጨበለት። ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ባለቤቴ በዚያ ቀን ከሁሉም አብልጣ አጨብጭባለች። ቤይሩት የሰው ቤት ስታጸዳ ስድስት ዓመት ኖራ የተመለሰች ሴት ናት፤ አሁን ገበያው ዳር የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። «ልጄ ከወደቀች የምትሄድበትን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚያደርሰው» ትላለች። ይኼን የምትለው ሳታለቅስ፣ ሳህን እየደረደረች ነው።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ በር ላይ ቆሜ ልጄን ሜሮንን እጠብቃታለሁ። ደህና ዋልሽ አልልም። «ስንት?» ነው የምለው። ዓመቱ እንደ ተጀመረ አንድ ቀን ዘጠኝ ከአሥር ይዛ መጣችና «አንዷን የት ጣልሻት?» አልኋትና ሳልፈርምላት ገባሁ። ቀልዴን ነበር። ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ብዬ ስጠይቃት መልሷ አንድ ብቻ ሆነ፦ አሥር። ወረቀቱስ ስላት ደብተሬ ውስጥ ነው ትለኛለች። የሚፈረመውን እናቷ ትፈርማለች ብዬ እኔ ተውሁት፤ እናቷም አባቷ ይፈርማል ብላ ተወችው። አሥር ያመጣ ልጅ ደግሞ አይመረመርም።

እዚህ ላይ ሥራዬን ልንገርዎ፣ ለነገሩ ያስፈልጋል። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፊርማ ሳመሳክር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከገጠር ተነስቶ ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣን ሰው «ይኼ ፊርማ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም» ብዬ ከደጅ የመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ሐሰተኛ ፊርማ ከሩቅ ይሸተኛል እያልሁ ሻይ ቤት ተቀምጬ እጎርራለሁ።

ባለፈው ዓርብ ታዲያ ሜሮን ገና ስንት ሳልላት እየሮጠች መጥታ ወረቀት ዘረጋችልኝ። አሥር ከአሥር፣ በቀይ፣ ተከብቦ። ከግርጌው የወላጅ ፊርማ ይላል። ብዕሬን አውጥቼ ፈረምሁላት። ቤቱን ዞረችው፣ ለእናቷ አሳየች፣ ለጎረቤት አሳየች፣ ማታም ደብተሯ ውስጥ አስገብታ ሁለት ጊዜ እያወጣች አየችው። በየሳምንቱ አሥር ለምታመጣ ልጅ ደስታዋ ትንሽ በዛብኝ። ብቻ ልጅ ነች ብዬ አለፍሁት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ቢሮ ስልኬ ጮኸ። «የሜሮን አባት ነዎት? መታወቂያ ይዘው ይምጡ» አለኝ አንድ ድምፅ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው። ከቢሮዬ እስከ ትምህርት ቤቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በዚያች ሩብ ሰዓት ልጄን ከደረጃ ጣልኋት፣ በባጃጅ አስገጨኋት፣ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊቴን እየገረፈው ሸሚዜ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። መታወቂያው ለምንድን ነው እያልሁ መንገድ ላይ ብቻዬን አወራሁ።

የመምህራን ክፍል ስገባ ሜሮን ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። በሙሉ አካሏ ቆማለች። ሌላው ሁሉ ይምጣ አልሁ በልቤ። መምህሯ አቶ አስናቀ ጡረታ የደረሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ ከወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጠው ነበር።

«ልጅዎ የእርስዎን ፊርማ አስመስላ ፈርማለች» አሉና የዓርቧን ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

አየሁት። የራሴ ፊርማ ነው። እፎይ ብዬ ሳቅሁ። «ይቺማ የእኔ ናት መምህር፤ ራሴ ነኝ የፈረምሁት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የእርስዎ ናት? እንግዲያው እነዚህስ የማን ናቸው?»

ፋይል ከፈቱ። ከመስከረም ወዲህ ያሉት ዓርቦች ሁሉ እዚያ ተደርድረዋል። ዘጠኝ። ስምንት። ዘጠኝ። ሰባት። ስምንት። አንድም አሥር የለም፤ አንድም የወደቀ የለም። በየወረቀቱ ግርጌ ስሜ ተፈርሟል፤ የመጀመሪያው ፊደል ረዘም ብሎ፣ ጅራቱ ተጠምዝዞ፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ ተደርጎለት። ያማረ ፊርማ ነው። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኔው ይበልጣል። አቶ አስናቀ የእኔ እውነተኛ ፊርማ ሐሰተኛ ብትመስላቸው አልተሳሳቱም፤ መዝገቡ ላይ ያለችው አባት ሜሮን ናት።

መጀመሪያ ተናደድሁ፤ አልደብቅዎትም። ንዴቱ ግን አልቆየም። ዓይኔ ሰባቷ ላይ አረፈና ያንን ዓርብ አስታወስሁት። በር ላይ ቆሜ ስንት ስላት አሥር ብላኝ፣ ስሜያት፣ ለእናቷም ደውዬ ነበር። ልጄ ያን ሰባት ብቻዋን ይዛው አድራለች። ማንም ሳያያት የሆነ ቦታ ተቀምጣ፣ በዚያ ትንሽ እጇ፣ እኔን ሆና ፈርማለች። አፈርሁ። ፈተናውን ነው የምትፈራው ብዬ ስሰጋ የከረምሁት እኔ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ረስቼው ነበር።

«ደንቡን ያውቁታል» አሉ አቶ አስናቀ፤ «የወላጅ ፊርማ ያስመሰለ ተማሪ ሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል፤ አንድ ሳምንትም ይታገዳል።»

ሰልፉን አሰብሁት። ያን ሁሉ ልጅ ፊት ለፊት፣ ባንዲራው ሥር፣ ሜሮን። ከዚያ ወዲያ ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በደጃፉ አታልፍም። የእናቷ መንገድ ታየኝ።

«ሁሉም የእኔ ናቸው» አልሁ። «ፊርማዬ አንዳንዴ ይለዋወጣል።»

ይኼን የተናገረው ያ የመዝገብ ቤቱ ሰው ነው።

አቶ አስናቀ ፋይሉን ዘግተው ባዶ ወረቀት አቀረቡልኝ። «መታወቂያዎ ይቅር፤ እንግዲያው ፋይሉ ውስጥ እንዳሉት አድርገው አንዴ ይፈርሙልኝ። ሳያዩ።»

ብዙ ነገር ፈርሜያለሁ፤ የጋብቻዬን ውል ጭምር። እንደዚያች ባዶ ወረቀት ያስፈራኝ ግን የለም። አሁን አይቼው የነበረው ፊርማ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ጅራቱ ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘው? ነጥቡ ሁለት ነው ሦስት? ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። በየዓርቡ ልጄ የምትገባበት ቦታ ይኼ ከሆነ፣ አሥር ቀርቶ ሰባት ማምጣቷ ተአምር ነው።

ቀና ስል ሜሮን ታየኛለች። ጣቷን የደንብ ልብሷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አዞረች። ወደ ግራ። ከዚያ ከሥሩ ጠቅ፣ ጠቅ።

ኮረጅሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ መምህር ፊት ቁጭ ብዬ ኮረጅሁ።

አቶ አስናቀ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው መረመሩት። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይመስላል» አሉ። ከዚያ ክምሩን በእጃቸው ዳበሱት። «በየሳምንቱ ስልሳ ወረቀት አርማለሁ። ጥያቄ አውጥቼ፣ ፈትኜ፣ አርሜ፣ ፊርማ አመሳክሬ ስጨርስ የማስተምርበት ቀን ይጠፋኛል። ስብሰባው ላይ እጅዎን ያወጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ» አልሁ።

የዓርቧን ወረቀት መለሱልኝ። «ይቺ ከፋይሉ ጋር አትሄድም። በሚሄደው ፊርማ አስፈርመው ይላኩልኝ» አሉና ወደ እርማታቸው ተመለሱ። አስፈርመው ሲሉ ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ለቀሪው ክፍለ ጊዜ አስፈቅጄላት ወጣን። ሜሮን ሁለት እርምጃ ከኋላዬ ትራመዳለች። ልቆጣት ፈለግሁ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ የቱን እንደማስቀድም አላወቅሁም። አንድ ነገር ግን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሳላውቀው ቤት መግባት አልቻልሁም። ቆም ብዬ ዞርሁ።

«ሜሮን፣ እኔን ትፈሪኛለሽ?»

እሷም ቆመች። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ወደ ሰማይ አየች፤ ከባድ ጥያቄ ሲመጣባት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

«ስንት ማርክ ይይዛል?» አለችኝ።

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም።

«ምንም አይዝም» አልኋት። «ማርክ የለውም።»

ትከሻዋ ዝቅ አለ። ትንፋሿን ለቀቀች።

«እንግዲያው አዎ» አለች፤ ከዚያም መጥታ እጄን ያዘችኝ።