በአጥር የመለስኩት ግራይንደር

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ አትሳቁ አልልም። ሳቁ። ብቻ ቀስ ብላችሁ፣ እማዬ ጎን ክፍል ናት፤ እሷ ደግሞ ለዛሬ የሚበቃትን ስቃለች።

ይሄን የምጽፈው አንድ እግሬን ባልዲ ላይ ሰቅዬ ነው። ጉልበቴ ተልጧል። ሱሪዬም ተቀዷል። የቱ ጋ አትበሉኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ ካሉት አዳዲስ ሰፈሮች በአንዱ። ከአዲስ አበባ ከወጣን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፣ እኔና እማዬ። ቤቱ ጥሩ ነው። አየሩም ጥሩ ነው። ችግሩ የውጭ በሩ ነው።

በሩ ሲከፈት ሲሚንቶውን ይጭራል። ዝም ብሎ ቢጭር ምን ነበረበት፣ ይጮኻል! ማታ ከስራ ስገባ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መግባቴን ያውቃል። ብየዳ የሚሰራውን ሰውዬ ለመንኩት፤ ነገ አለኝ። በነጋታውም ነገ አለኝ። ከዚያ እኔም መለመን ደከመኝ።

ድካም ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ዊንጌት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዊንጌት ሌላ ሚኒባስ፣ ማታ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የማረጀው። እንዲህ የደከመው ሰው ምን ያደርጋል?

ስልኩን ያወጣል።

ከወር በላይ ስክሮል ሳደርግ ከረምኩና በመጨረሻ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ አገኘሁት። "ኦሪጅናል የጀርመን ግራይንደር፣ ሄቪ ዲዩቲ፣ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን፣ ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን!" ጥቂት ፍሬ የምትለዋ ነች የጣለችኝ። ግራይንደር ለማታውቁ፣ ያ ብልጭታ እየተፋ ብረት የሚቆርጠው ማሽን ነው። ከበሩ ስር አንድ ጣት ያህል ቆርጬ ብጥል ጩኸቱ ያበቃል ብዬ አሰብኩ። ቪዲዮ አይቻለሁ እኮ። ሁለት ሦስት ቪዲዮ ያየ ሰው ባለሙያ ነው።

አዘዝኩ።

ሐሙስ ዕለት በሞተር መጣ። ልጁ ጠፍቶበት ሲደውል ምልክት ሰጠሁት፤ "ከአስፋልቱ ወደ ግድቡ ስትገባ አዲስ የእድር አዳራሽ አለ፣ እሱን አለፍ ስትል" አልኩት። ይቺን የእድር አዳራሽ ያዙልኝ።

ካርቶኑ ያምራል። የጀርመን ባንዲራ ሁሉ አለበት። ከፈትኩት።

የጀርመን ስም ነበር የጠበቅኩት። ግፋ ቢል የቻይና። ብረቱ ላይ በምስማር ተቀጥቅጦ፣ በተጣመመ ፊደል የተመታው ግን "ለክፉ ቀን መረዳጃ እድር" ይላል። ቦታ አልበቃ ብሎ የመጨረሻዋ "ር" ለብቻዋ እጀታው ላይ ወጥታለች።

ለክፉ ቀን መረዳጃ የሰፈራችን እድር ነው።

የኛ! እኔ ራሴ አባል የሆንኩበት!

እንዳልጠራጠር ደግሞ የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። የእድራችን ንብረት ያዥ ኦቦ ደበላ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ከግድቡ ማዶ የሚያርሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ። የእድሩን ዕቃ አንድ በአንድ ስም ይመቱበታል። ድስቱን፣ ወንበሩን፣ የድንኳኑን ቋሚ፣ ጭልፋውን ሳይቀር። ለቅሶ ቤት ሳህናችሁን ስትጨርሱ ከእንጀራው ስር "ለክፉ ቀን" የሚል ይወጣል። እንደዚያ ያለ ነገር አይታችሁ ደግሞ ጭማሪ አትጠይቁም።

ነገሩ ገባችሁ አይደል? የእድር ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ገበያ ገብቷል። ማለትም ተሰርቋል። የተሰረቀው የእድር ዕቃ የተገኘው ደግሞ ማን ቤት ነው? ስብሰባ ረግጦ በማያውቀው፣ ማንም በማያውቀው፣ ከአዲስ አበባ በመጣው ሰውዬ ቤት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ከየት አመጣኸው አልኩት። የተሸጠ ዕቃ አንመልስም አለኝ። መመለስ ሳይሆን መጠየቅ ነው የፈለግኩት ስለው ብሎክ አደረገኝ። ንጹሕ ሰው ብሎክ ያደርጋል?

አሁን የምር የፈራሁትን ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ስንወጣ እማዬ ያለቀሰችው ለቤቱ አልነበረም። ለእድሯ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የከፈለችበት፣ አባዬን የቀበረላት እድር። እዚህ ስንመጣ ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የሰፈሩ እድር የት ነው የሚል ነበር። ሰው በማያውቀኝ አገር ሬሳዬን ማን ያነሳዋል አለች። በዚያው ሳምንት ሄጄ በስሜ ተመዘገብን። ከዚያ ወዲህ ወርሃዊውን በስልክ እልካለሁ፣ በቃ። ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል ይባላል፤ እኔ ግን ተቀጥቼ አላውቅም። በጊዜ ስለምከፍል አክብረውኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር።

የእድር ዕቃ የነካ ሰው ደግሞ ይሰረዛል። እኔ ብሰረዝ ግድ የለም። እሷስ? በዚህ ዕድሜዋ፣ በኔ የተነሳ፣ ለሁለተኛ ጊዜ እድር አልባ ትሁን? 

መጀመሪያ ስሙን ልፋቀው አልኩ። ብረት በምን ይፋቃል? በግራይንደር።

ግራይንደር ራሱን በራሱ አይፍቅም። ይሄ እስኪገባኝ ጥቂት እንደቆየሁ አልደብቃችሁም።

በጆንያ ጠቅልዬ ሶፋ ስር ከተትኩት። እማዬ ስትጠርግ አወጣችው። ምንድነው አለችኝ። የቢሮ ዕቃ ነው አልኳት። የምሰራው ኢንሹራንስ ነው። ጆንያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ አስገባችው።

ጎረቤት ልጠይቅ ብልስ ማንን? የአንድ ጎረቤት ስልክ የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው ጀርባቸውን ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ።

ስለዚህ ሳልታይ ልመልሰው ወሰንኩ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ረፋዱ ላይ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። እማዬም ነጠላዋን ለብሳ ወጥታለች። በአዳራሹ ጀርባ አጥሩን ዘልዬ፣ ዕቃውን በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ ዘልዬ መውጣት። ቀላል!

ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ መሆኑን ፕላኑ ውስጥ አላስገባሁትም።

አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ስወጣ ደህና ነበርኩ። ስወርድ ሱሪዬ ቆርቆሮው ላይ ቀረ፣ እኔ በጉልበቴ መሬት ደረስኩ። ጆንያው ድንጋይ ላይ ጓ! አለ። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ጸጥ ያለ ነው። አይዞህ አልኩት ራሴን፣ እያነከስኩም አዳራሹን ዞርኩ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው።

ሙሉ! ፀሐይ ለመሞቅ ወንበሩን ደጅ አውጥተው፣ በረድፍ በረድፍ ተቀምጠው፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል። ጸጥ ያለው ለካ ጓ ያለውን ነገር እያዳመጡ ኖሯል።

የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ እሑድ ረፋድ ላይ መሆኑን የማያውቅ አባል ከሰፈሩ እኔ ብቻ ነኝ። በምን ልወቅ? ሄጄ አላውቅማ!

ጉልበቴ ይደማል። የሱሪዬ ነገር አብቅቶለታል። ጀርባዬ ላይ ጆንያ አለ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ኦቦ ደበላ ከፊት ወንበር ቀስ ብለው ተነሱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "በር አለን እኮ።"

እኔስ ምን ብመልስ ጥሩ ነው?

"አልሰረቅኩም!"

ማንም ሌባ አላለኝም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ያሰበውም አልነበረም። ካልኩት በኋላ ግን ሁሉም ማሰብ ጀመሩ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ያኔ ነው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ሴት ያየሁት።

እማዬ።

መሬት ተከፍታ እስክትውጠኝ መጠበቅ አልፈለግኩም፣ ራሴ ቆፍሬ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ጆንያውን ፈትቼ ግራይንደሩን አወጣሁ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ቴሌግራሙን፣ ሞተሩን፣ ብሎኩን። እናቴ አታውቅም፣ እኔን ሰርዙኝ እሷን ግን አትሰርዙብኝ አልኳቸው።  ይሄን እንኳ ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ደበላ ግራይንደሩን ተቀብለው አገላበጡት። እጀታው ላይ ያለችውን "ር" በጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራይንደሩ የተገዛው አዳራሹ ሲሰራ ነው። አዳራሹ ሲያልቅ እድሩ መሳሪያዎቹን ለመሸጥ በስብሰባ ወሰነ። መጀመሪያ ለአባላት፣ ያውም በቅናሽ። ከአባላት የሚፈልግ ጠፋ። አንድ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ ጠቅልሎ ወሰደው። ነጋዴው ካርቶን አልብሶ ጀርመን አደረገውና መልሶ ለኔ ላከው። ከአዳራሹ እኔ ቤት ሻይ ሳይበርድ ይደረሳል። ዕቃው ግን አዲስ አበባ ወርዶ፣ ተሞሽሮ፣ በዚሁ አዳራሽ በር ላይ አልፎ ነው የመጣልኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ፣ ተበዳይ መስዬ።

እማዬ ብድግ አለች።

"ራት ላይ ነግሬህ ነበር እኮ" አለች። "እድሩ ግራይንደር ሊሸጥ ነው፣ ለበሩ አይሆንህም ወይ አልኩህ። እሺ አልከኝ።"

ያን ራት አስታወስኩት። እሺ ማለቴንም አስታወስኩት። እሷ ስለ ግራይንደር ስትነግረኝ እኔ አንገቴን ስልኬ ላይ ደፍቼ ግራይንደር እየፈለግኩ ነበር።

ከዚህ በላይ ውርደት አለ?

አለ! የእድሩ ጸሐፊ እጁን አውጥቶ፣ ስብሰባ አርፍዶ የመጣ አባል ቅጣት እንዳለበት ለጉባኤው አስታወሰ። ስቀርስ ለምን አልተቀጣሁም ብዬ ጠየቅኩት። ገርሞት አየኝ። "እናትህ መቼ ቀርተው ያውቃሉ?" አለኝ።

በየወሩ፣ ጭቃውም ቢሆን፣ በኔ ቦታ እሷ ነበረች የምትቀመጠው። ቤተ ክርስቲያን የቆየች እየመሰለኝ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ያከበሩኝ ለካ በስልክ ስለምከፍል አልነበረም።

"ኮቱ፣ ታኢ" አሉ ኦቦ ደበላ። ና፣ ቁጭ በል። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ ለሱሪዬ መርፌ ቁልፍ ሰጠኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቆመው ሰው ነው። ለካ ፊትም አለው። ስሙ ከድር ይባላል።

ስብሰባው ረጅም ነበር። የድንኳኑ ቀዳዳ ጉዳይ ብቻውን የወሰደው ጊዜ ከዊንጌት ቡራዩ ያደርሳል። ግን ተቀመጥኩ፣ እስከ መጨረሻው። ግራይንደሩን ልተውላችሁ ብል ኦቦ ደበላ የተሸጠ አይመለስም ብለው መለሱልኝ። ይልቅ ነገ ምስማራቸውን ይዘው መጥተው ከእድሩ ስም ስር የኔን ስም ሊመቱበት ነው፣ ሁለተኛ በአጥር እንዳልመጣባቸው።

ስንመለስ እማዬ ክንዴን ይዛለች፣ ማን ማንን እንደደገፈ ግልጽ አይደለም። ለቀብርሽ ብለሽ ነው በዚህ ጉልበትሽ በየወሩ የምትመላለሽው አልኳት።

"ለኔ መሰለህ እንዴ?" አለች። "እኔማ ከሞትኩ ምን አያለሁ። ድንኳኑ ውስጥ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ብቻህን እንዳትቀመጥ ብዬ ነው።"

ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ነበር፣ መለስኩላት።

ትንሽ ሄደን ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። "ከእንግዲህስ አልሰጋም" አለች። "ከዛሬ በኋላ የማያውቅህ ሰው የለም።"

በሩን ከፈትኩላት። ጮኸ። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኳት፣ እንደ ብየዳው ሰውዬ።

እና ወገኖቼ፣ ይሄን እያነበባችሁ ያላችሁት ራት ላይ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን "እሺ" ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ምን ነበር?