ላይኛው ሲቀዘቅዝ

በየሰፈሩ፣ «እንዴት አደርክ?» ካሉት መልሱን ለመስማት ከሥራ ፈቃድ መውሰድ የሚያስፈልግ አንድ ሰው አይጠፋም። የእህል በረንዳው ክቡር አድሚራል ሙህዲን ነበር። ማዕረጉን የሰጡት ኩሊዎቹ ናቸው።

ሙህዲን በአብዮቱ ዘመን ሌኒንግራድ ተልኮ፣ ባሕር ከአየር ጋር ሙቀት እንዴት እንደሚለዋወጥ አጥንቶ መጣ። ሲመለስ፣ «ሙቀት ነው የተማርከው? ግሩም!» ተባለና እህል መጋዘን ገብቶ የጆንያ ሙቀት እንዲለካ ተመደበ። እስቲ ፍረዱ! ጆንያ ደግሞ ጨዋታ አያውቅም። ስለዚህ ሙህዲን ጨዋታውን ሁሉ አጠራቅሞ እትዬ ዘሀራ ሻይ ቤት ይመጣል።

«ይቺን ብርጭቆ ባሕር ናት በሏት» ይላል ገና ሳይቀመጥ። «ሙቀቷ የሚወጣው በየት በኩል ነው? በላይ! ነፋሱ በበረታ፣ አየሩም ከእሷ በቀዘቀዘ ቁጥር ቶሎ ትበርዳለች።» ኡፍ ይልባታል። «እኛ ሌኒንግራድ የተማርነው ባሕሩን በሒሳብ ሠርተን ኮምፒውተር ውስጥ ከትተነዋል። የአየሩን ሙቀት ግን አስቀድመን ጽፈን ነው የምንሰጠው። ባሕሩ ሙቀቱን ይሰጣል፣ ይሰጣል፣ አየሩ ንቅንቅ አይልም። እንደተጻፈለት ነው!» ይህን ሲል ጠረጴዛውን ይመታል፤ ሻዩ ይፈሳል።

ያኔ አንዱ ሚዛኑ ትዝ ይለዋል፤ ሌላው ገና በረፋዱ «ሶላት ደረሰ» ብሎ ይነሳል። በርበሬ ነጋዴው ጋሼ ሀብተ ወልድማ ከሩቅ ሲያዩት ሻያቸውን ከነብርጭቆው ይዘው ነው ውልቅ የሚሉት። እትዬ ዘሀራም ጀርባቸውን ሰጥተው ብርጭቆ ያጥባሉ።

ሙህዲን ሞኝ አይደለም፣ ሁሉንም ያያል። ቤቱ ሲገባ ያለችው ሬዲዮ ብቻ ናት፤ እሷም ታወራለች እንጂ አታዳምጥም። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቀው ለእሱ ዒድ ነበር። የጠየቀው ግን የለም።

አንድ ቀን ማለዳ፣ «ላይኛው ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይሰምጣል፤ ታች የነበረው ወደ ላይ ይወጣል!» እያለ ሲያስረዳ ሻይ ቤቱ በድንገት ጭጭ አለ። በመጨረሻ ሰው ሰማኝ ብሎ ደስ አለው። ለካስ በሩ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀው ቆመው ኖሯል።

«የቱ ነው ላይኛው?» አሉ ጓድ አስናቀው። «ማነው የሚሰምጠው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው ሄዶ ሊቀር ይችላል። «ባሕሩ… ጓድ…» አለ ሙህዲን።

«ተነስ! ቀበሌ ታብራራዋለህ።»

«ኧረ ጓድ አስናቀው፣ አረፍ ይበሉ!» እትዬ ዘሀራ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ከጓዳ ወጡ። «ይቺን ብርጭቆ ባሕር ናት ይበሏት። ሙቀቷ የሚወጣው በላይ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ አየሩም ከእሷ በቀዘቀዘ ቁጥር ቶሎ ትበርዳለች። ላይኛው ውሃ በርዶ ሲከብድ ይሰምጣል፤ የሚሰምጠው ውሃ ነው!» ኡፍ አሉባት። ሒሳቡን፣ ኮምፒውተሩን፣ አንድም ሳይስቱ አወረዱት። «አየሩ ግን እንደተጻፈለት ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሻዩ ጓድ አስናቀው ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

ጓድ አስናቀው ሱሪያቸውን እያራገፉ፣ ልክ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ ድንገት ስብሰባ ትዝ አላቸውና ሹልክ አሉ።

የሙህዲን ዓይን እንባ አቀረረ። «እትዬ ዘሀራ… ያዳምጡኝ ነበር?»

«ምን ላድርግ? ጆሮ ክዳን የለው!» አሉ ቆጣ ብለው፣ ጠረጴዛውን እየወለወሉ። ከዚያ እጃቸው ቆም አለ። «እኔ የምልህ ግን… ያ ሁሉ ሙቀት ወጥቶ ወጥቶ፣ አየሩ ትንሽ እንኳ አይሞቅም?»

ጥያቄ! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ቀትር ባወራበት። አሁን ግን ብርጭቆዋን በሁለት እጁ ያዛት።

«ለሒሳቡ እንዲቀለን ብለን ነው እንጂ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በእውነቱስ ይሞቃል፣ እትዬ ዘሀራ። ይሞቃል።»