በሁዳዴ ዓርብ የጋገርኩት አይብ የተሞላ ፓስታ

በቤተ ክርስቲያን የምታውቁኝ ሰዎች ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደ ድሮው ሰላም ትሉኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

በሁዳዴ አይብ ጋግሬአለሁ።

ያውም በዓርብ ቀን!

ረጋ በሉ፤ አልበላሁም። ዘመኑም የደርግ ነው። ግን ዛሬ ምራቴ ከስልኳ ቪዲዮ እያየች አይብ የተሞላ ፓስታ ኦቭን ውስጥ ከተተችና፣ «እማማ፣ እንዲህ ያለ በልተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

በልቼ አላውቅም። ሠርቼ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋ አለኝ። ስለዚህ ፖስት ላድርገውና ይውጣልኝ።

ያኔ እዚሁ ልደታ፣ አብነት አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። ባለቤቴ ታደሰ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ ኪዳን ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ታደሰ ደግሞ አስም አለበት፤ አቧራ ሲነሳ ትንፋሹ ያጥረዋል።

በዚያ ሰሞን ወደ ጎዴ የሚዛወሩ ሠራተኞች ዝርዝር ይዘጋጅ ነበር። የታደሰ ስም አለበት ተባለ።

ጎዴ ሙቀት ነው። ጎዴ አቧራ ነው። እኔ እዚህ ከሦስት ልጆች ጋር፣ እሱ እዚያ ከአስሙ ጋር። ሌሊት የሚነሳበትን ሳል ማን ይሰማለታል? ይህን እያሰብኩ ሥራ እጄ ላይ ይቀር ነበር።

ታደሰ ችግሩን ጽፎ ለአለቃው ለጓድ ጌታሁን አመለከተ። ጓድ ጌታሁን ደብዳቤውን አነበበና፣ ወረቀት ሁሉም ሰው ይጽፋል፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልደታ በኩል ሥራ ስላለኝ ቤትህን መጥቼ አያለሁ አለው።

ታደሰ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሰውየው ካድሬ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ሃይማኖት የተናገረውን ነገረኝ፤ እዚህ አልደግመውም።

መቼም እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም። ግን ምን ይብላ?

ሽሮ ባቀርብ ጾመኞች ነን ማለት ነው። ጾመኛ ማለት በዚያ ጊዜ አድኃሪ ማለት ነው። አድኃሪ ማለት ደግሞ ጎዴ ማለት ነው።

ሐሳቤ ይህ ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍራል፤ ያኔ ግን ቀጥ ያለ ሒሳብ መስሎኝ ነበር።

ታደሰ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጓድ ጌታሁንን ምግብ ቤት አይቶታል፤ ፓስታ አዝዞ ፎርማጆ ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። «በጣም ይወዳል» አለኝ።

ያየው በጥር ወር እንደነበረ ሁለታችንም አላሰብንም።

የአጎቴ ልጅ በጣሊያን ቤት ምግብ አብሳይ ነበረችና ፓስታ በፎርኖ እንዴት እንደሚሠራ አሳይታኛለች። ሊጡ በእንቁላል ይቦካል፣ በስሱ ይዳመጣል፣ ይቀቀላል፣ ፎርማጆ ይጠቀለልበታል፣ ስጎ ይፈስበትና ይጋገራል። እኔ ዘንድ ፎርማጆ የለም። አይብ ነው የሚተካው። በሁዳዴ አይብ ከየት ይመጣል?

ከፋጡማ። ፋጡማ ከግቢያችን ጀርባ ላም የምታረባ ጎረቤቴ ናት። ሄጄ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«አንቺ፣ ፋሲካችሁ ገና አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ለእንግዳ ነው አልኳት።

«ክርስቲያን ነው?»

«ካድሬ ነው።»

«እና እነሱ የማይበሉት ምንድን ነው?» አለች።

እኔም አላውቅም ነበር። አይቡን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ እንቁላሉንም ጨምራ ሰጠችኝ። ለማንም እንደማትናገር ማለችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፤ አልተናገረችም።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ጌጃ ሰፈር እናቴ ዘንድ ላክኋቸው። ሊጡን በባዶ ጠርሙስ ዳመጥኩ። አይቡን በጨርቅ ቋጥሬ ውኃውን አጠፈፍኩ። ጨው ጨመርኩበት።

እዚህ ላይ ጾመኛ ሆናችሁ ለፍስክ በላተኛ አብስላችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። መቅመስ አይቻልም! ጨው ይነሰው ይብዛው በምን ልወቅ? በመንፈስ አይታወቅም። ያነሰ መሰለኝና ደገምኩ። ከዚያ መድገሜን ተጠራጠርኩና፣ እንግዲህ ጨርሼ ላረጋግጠው ብዬ ሠለስኩ።

ኦቭን የለኝም። ትሪውን በነጠላ ሸፍኜ አብነት ካለው ዳቦ ቤት ወሰድኩት። የዳቦው ሰልፍ መንገድ ዳር ድረስ ወጥቷል። ጋጋሪው ነጠላውን ገለጥ አደረገና አሸተተ።

«እህቴ፣ ይህን ከጾም ዳቦ ጋር እሳት አላስገባውም» አለኝ።

በሹክሹክታ አልነበረም የተናገረው። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በየሳምንቱ ከአጠገቤ የምታስቀድስ አንዲት ሴት ነበረችበት። እሷ እንኳ አላየሁሽም ለማለት ወደ ሰማይ ማየት ጀመረች።

ትሪውን ይዤ ተመለስኩ። ነጠላዬ ትሪው ላይ ስለነበረ ፊቴን የምሸፍንበት አጣሁ።

ቤት ገብቼ ፓስታውን ብረት ድስት ውስጥ ገለበጥኩና ከታች ከሰል፣ ክዳኑ ላይም ከሰል አድርጌ መጋገር ጀመርኩ። ተጋገረ። ጥሩ አድርጎ ተጋገረ። ግን በሁዳዴ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚጋገር አይብ ምን ያህል እንደሚሸት ማን ነገረኝ?

እትዬ አሰለፈች ከቤታቸው ወጡ። በዕድሜ የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፉም።

«የኪዳን እናት፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

ዋሸሁ። የታመመ ሰው ይመጣብኛል፣ ሐኪም አይብ ብላ ብሎት ነው አልኳቸው። እሳቸውም ከንፈራቸውን መጠው፣ «እግዜር ይማረው» ብለው ገቡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አወረድኩ። ይቅር በይኝ እያልኩ ነው ያወረድኳት። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ግን ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጭ ሆኖ አራት ማዕዘኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። ካላንደር እንኳ አልነበረኝም እንዳልሸፍነው።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ጓድ ጌታሁን ታደሰን አስከትሎ ገባ።

ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ሁለቱን አልጋ፣ የታደሰን መድኃኒት፣ ግድግዳውን። ግድግዳው ላይ ቆየ።

እኔ ፈጥኜ ምሳ አቀረብኩ። ሦስታችንም ተቀመጥን።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ብሉ እንጂ» አለ እንግዳው።

ታደሰ፣ እኔ እንኳ ቢሮ በልቻለሁ አለ።

«ጓድ ታደሰ፣ ዛሬ ከጠረጴዛህ አልተነሳህም እኮ።»

ታደሰ አንገቱን ደፋ። እኔ ጥርሴን ያመኛል አልኩ። ጓድ ጌታሁንም ሹካውን አንስቶ ፓስታውን ወደ ግራ ገፋው፣ ወደ ቀኝ መለሰው፣ አስቀመጠው። ሆዱን በእጁ ይዞ፣ እሱም ጨጓራው ሰሞኑን አስቸግሮታል አለ።

ሦስታችንም ታመምን።

እኔ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ምግቤን ናቀው። ቤታችንን ናቀው። ጎዴ ተጻፈ።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። እትዬ አሰለፈች ሁለት ብርቱካን ይዘው ገቡ።

«በሽተኛው የታለ?»

ሆዱን የያዘው እንግዳ ስለነበረ ራሳቸው አገኙት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ግንባሩን ዳሰሱት። የመሥሪያ ቤቱን ግማሽ የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ግንባር! ታደሰ ዓይኑን ጨፈነ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «በታመመ ሰው አምላክ አይቆጣም። ጾሙን ስትድን ትጾመዋለህ። በል አንድ ጉርሻ ከእጄ።»

ከዚያ ያንን አይብ የሚያንጠባጥብ ፓስታ በጣታቸው ጠቅልለው ወደ አፉ አስጠጉት።

ጓድ ጌታሁን ወደ ኋላ ሸሸ። ጉርሻው ተከተለው። ወንበሩ ግድግዳ ነካ።

«እማማ፣ ይተዉኝ» አለ። «እኔ አልታመምኩም። ጾመኛ ነኝ።»

ታደሰ የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ በሩን አየ። እኔ ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ከማለዳ ጀምሮ የእኔ ፊት ላይ ነበር።

እትዬ አሰለፈች ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ ዞር ዞር ብለው አዩን። «ታዲያ የታመመው ማነው?» አሉ።



ተነስቼ ፓስታውን አነሳሁ። ለራሳችን የሠራሁትን ሽሮና ጎመን አመጣሁ። ጓድ ጌታሁን እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት ከጠረጴዛው ሥር በትንሹ ሲያማትብ አየሁት። ከዚያ በላ። ሰው እንደዚያ በልቶ አላየሁም። ጠዋት ውኃ እንኳ አልቀመሰም ማለት ነው። ለካ ዘጠኝ ሰዓት ያለውም ለዚሁ ኖሯል።

በልቶ ሲጨርስ ግድግዳውን እያየ፣ «ሥዕሏን ያወረዳችሁት በእኔ ምክንያት ነው?» አለኝ በቀስታ።

አዎን ለማለት አፈርኩ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሲወጣ ለታደሰ፣ «ቤትህን አየሁት» ብቻ አለው።

ፓስታውን ፋጡማ ለልጆቿ ወሰደችው። በማግሥቱ ድስቱን አጥባ ስትመልስልኝ፣ ልጆቹ ሌሊቱን ውኃ ሲጠጡ እንዳደሩ ነገረችኝ።

ያለቀ መስሏችኋል? ጭንቀቱ ገና መጀመሩ ነበር።

«አሁን ምስጢሩን አውቀንበታል» አለኝ ታደሰ። «ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ለምን ያስቀምጣል? ጎዴ ሩቅ ነው።»

እውነቱን ነው። እኔም በጓድ ጌታሁን ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። እትዬ አሰለፈችን ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ምኑን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ባይገባቸውም ዝም አሉልኝ።

ሥዕሏን መልሼ ሰቀልኩ። በፊቷ ሁለት ሳምንት አነባሁ።

ለነፍስ አባቴም ሄጄ ተናዘዝኩ። በሁዳዴ አይብ ጋገርኩ አልኳቸው።

«ማን በላው?»

«ከክርስቲያን ማንም አልበላውም።»

«እና ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ኃጢአትሽ አይቡ አይደለም» አሉኝ። «ቤትሽ የመጣውን ክርስቲያን ሳትጠይቂ አረማዊ አደረግሽው።» ለዚያና ለውሸቴ ስግደት አዘዙኝ። ወገቤ እስኪቆረጥ ሰገድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ታደሰ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነገረኝ።

ስሙ አልነበረበትም።

ተመስገን። ያን ቀን ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። ታደሰ ልጆቹን አሳድጎ፣ በአልጋው ላይ፣ በእጄ ላይ ነው ያረፈው።

ግን አንድ ነገር አለ። ዝርዝሩ ላይ የሰው ቁጥር አልቀነሰም። በታደሰ ቦታ የሌላ ሰው ስም ገብቶ ነበር። ከሌላ ክፍል ነው፣ ታደሰም በመልክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ባለትዳር ነው ተብሎ ሰማሁ። ሚስቱን አላውቃትም። ስሟን ሳላውቅ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

እንግዲህ ፌስቡክ ሰው ያገናኛል ትላላችሁ።

አባታችሁ በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት በድንገት ጎዴ የተዛወረባችሁ፣ ምክንያቱንም ሳታውቁ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እናታችሁ ካለች ይዛችኋት ኑ። ምሳ ላብላችሁ፤ ሌላ የምክስበት ነገር የለኝም።

ይህን ጊዜ ግን ትጾሙ እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።